ብሎን ምድጃውን የቀየረ ጊዜ

የእህቴን ባል ሰው ሁሉ «ብሎን» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን በዚያ ስም ከኋላው ቢጠሩት ዞር ብሎ የሚያይ አይመስለኝም። ሲራመድ ኪሱ ይንቃጨላል። ብሎን፣ ዳዶ፣ የጎበጠ ምስማር፣ አንድ ቀን ይጠቅማል ያለው ሁሉ እዚያ ኪስ ውስጥ ይገባል። በሠርጉ ዕለት ቀለበቱን አወጣለሁ ብሎ እጁን ኪሱ ከተተና ዳዶ ይዞ ብቅ አለ። እኔ በሳቅ ልሞት! እህቴ ግን ጣቷን እንደዘረጋች፣ «ልኬ ከሆነ እሱም ይሆናል» አለችው። እንግዲህ ሁለቱን ለማወቅ ይህችው ትበቃለች።

ዕድሜውን ሙሉ የሠራው መንገደኛ በምታሻግር ትልቅ ጀልባ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። እህቴ ከላይ ትኬት ትቆርጣለች፣ እሱ ከታች በዘይት ተለውሶ ሞተሩን ያስታምማል። እንዴት እንደተዋደዱ ዛሬም አይገባኝም፤ እሷ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ እሱ ዓይኑ ብቻ ከጥላሸት ውስጥ እያበራ! ተጋብተው ቤት ሲፈልጉ፣ ሰው የተዋት አሮጌ የጭነት ጀልባ ወንዙ ዳር ታስራ አየ። «ቤት ማለት ይቺ ናት» አለ። እኔ «ይቺማ ሬሳ ናት» አልኩ። ማን ሰምቶኝ! ጠገናት፣ ቀባት፣ ካቢን ሠራባት። አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ መደርደሪያው፣ በሩ፣ ሁሉም የእሱ እጅ ሥራ ነው። ባልና ሚስት ከአንድ ወንዝ ይቀዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ ወንዙ ላይ ወጥተው ሲኖሩ ያየሁት ግን እነሱን ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ከወንዙ ብዙም ሳልርቅ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ከኋላ ያሉት ክፍሎች መኖሪያዬ ናቸው። ባሌ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ነኝ፤ ልጄም አግብታ ሩቅ ሄዳለች። ስለዚህ ምላሴ ትንሽ ረዘም ቢል አትፍረዱብኝ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ስለፈልፍ እውላለሁ፣ ሱቁን ስዘጋ ከግድግዳ ጋር ነው የምፋጠጠው።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በምድጃው ነው። ብሎን ካቢኗን የሚያሞቀው ከፈረሰ መርከብ ነቅሎ ባመጣው የብረት ምድጃ ነበር። ምድጃ አትበሉት፣ በሬ በሉት! ጥቁር፣ ወፍራም፣ በአራት እግሩ የተተከለ፣ ከሰል ሲሰጡት የማይጠግብ። በጎኑ ሁልጊዜ የከሰል ጆንያ ተደርድሮለታል። ካረጁ አይበጁ እንዲሉ፣ ከጊዜ በኋላ በሩ ተሰነጠቀ፣ ቧንቧው ነቃ፣ ጭሱ በጣሪያ መውጣቱን ትቶ በየቀዳዳው ይወጣ ጀመር። ብሎን በሽቦ ያስራል፣ በላሜራ ይለጥፋል፣ በጭቃ ይመርጋል። አዲስ ግዛ ሲሉት፣ «ይሄኮ ነፍስ አለው» ይላል። አዎ፣ ነፍስ ነበረው፤ ግን የሚኖረው የእህቴን ነፍስ እየበላ ነው።

እህቴ ፀጉሯን ልትሠራ ስትመጣ ደጋግሜ ባጥባትም ጭሱ አይለቃትም ነበር። ከዚያ ሳል ጀመራት። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ ኋላ ማታም፣ በመጨረሻ በሳቀች ቁጥር። እሷን የመሰለች ሳቂታ መሳቅ ፈራች! ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ፣ ጭስ ያለበት ቤት ውስጥ ከእንግዲህ እንዳታድር አስጠነቀቃት። የዚያኑ ዕለት ልብሷን በሻንጣ ይዛ እኔ ጋ ገባች። ብሎን ተከትሏት መጥቶ ደጃፌ ላይ ቆመና ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ጀመር።

«ምድጃውን እቀይረዋለሁ» አለ።

«ይሄን ስትል ፀጉሬ ሸበተ፣ ጋሼ» አልኩት።

«አሁን ግን የምሬን ነው።»

«እስኪቀየር ድረስ እዚህ ነኝ» አለች እህቴ። አልተቆጣችም። እሷ ሳትቆጣ ስትናገር ነው የሚያስፈራው።

እውነቱን ልናገር? እኔ ደስ አለኝ። በሕመሟ አይደለም፣ ምላሴን ይቁረጠው! በመምጣቷ ነው። ጠዋት ስነሣ ሻይ ተጥዶ አገኛለሁ። ሱቅ ውስጥ ፎጣ እያጠፈች ከደንበኞቼ ጋር ስታወራ ትውላለች፤ ፀጉራቸውን የማይሠሩ ሴቶች ሳይቀሩ ለወሬዋ ብለው ይገባሉ። ማታ ደግሞ «ሚጣ፣ በልተሻል?» የሚለኝ ሰው አለ። የልጅ ልጅ ያላትን ሴት ሚጣ የሚል ሌላ ማን ቀረኝ? ቤቴ ቤት ሆነ። ቀስ በቀስ፣ ያ ምድጃ ሳይቀየር ቢቀር ምን አለበት ማለት ጀመርኩ። ክፉ ሆኜ አይደለም። ብቸኝነት ነው ክፉው።

ብሎን ግን እንዳለው የምሩን ነበር። አንድ ረፋድ ላይ እህቴ ዳቦ አስይዛ ላከችኝ፤ እሷማ ምድጃው ሲነቀል ከሚነሣው ጥላሸት ትራቅ ተብሏል። ስደርስ ብሎንና ጎረቤቱ በያጁ ምድጃው ሥር ተኝተው እግራቸው ብቻ ይታያል።

«ምን ሆናችሁ?»

«ብሎኖቹ እንቢ አሉ» አለ በያጁ ከሥር። «የትኛው ነፍሰ ገዳይ ነው እንዲህ ያጠበቃቸው?»

ነፍሰ ገዳዩ አጠገቡ ተኝቷል። እኔ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ብሎን በብሎን ሲሸነፍ ማየት ዳቦ ይዞ ለመጣ ሰው ጥሩ ዋጋ ነው። በመጨረሻ በያጁ መቁረጫውን አምጥቶ ብልጭታውን እያዘነበ ቆረጣቸው። ከዚያ በሬውን በብረት ቧንቧ ላይ እያንከባለሉ፣ አንዱ እየገፋ አንዱ እየጎተተ፣ ሁለቱም እየተሳደቡ፣ በመሸጋገሪያው ጣውላ ላይ አወጡት። ጣውላው መሐሉ ላይ ጎብጦ ውሃውን ሊነካ ሲል ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ምድጃው የብስ ላይ ነበር፤ ጀልባዋ ደግሞ አንዴ ናጥ አለችና ተረጋጋች። ከሰሉንም ጆንያ በጆንያ አወጡ። ብሎን የምድጃውን ጀርባ መታ መታ አደረገው።

«በል እንግዲህ፣ ብዙ አብረን ኖረናል» አለው።

«ሚስትህን እንዲህ ብለሃት ታውቃለህ?» አልኩት። ዓይኑን በክንዱ ጠረገ፣ በኋላ ጥላሸት ነው አለ።

አዲሱ ማሞቂያ በናፍጣ የሚሠራ ነው። ከአሮጌው ጋር ሲያዩት የልጅ መጫወቻ ይመስላል፤ ብሎን ብቻውን አቅፎ ነው ያስገባው። አሠራሩን ሳልጠይቀው ነገረኝ። ናፍጣው በቀጭን ቧንቧ ጠብ ጠብ እያለ ከታች ያለች ጎድጓዳ ሳህን ላይ ይወርዳል፣ እዚያ ይነዳል፣ ጭሱ በጣሪያ ይወጣል። ዋናው ነገር ሳህኗ ቀጥ ብላ መቀመጧ ነው። ከዘመመች ናፍጣው አንድ ጎን ይጠራቀምና ጥቀርሻ ያመጣል።

«ታዲያ በውሃ ልክ ለካኸው?» አለው በያጁ።

ብሎን በንቀት ነው ያየው። «ውሃ ልክ የብስ ላይ ነው። ጀልባ ስትወዛወዝ የውሃ ልክ አረፋ እንደ አበደ ዝንብ ይሮጣል። የእኔ ልክ ይሄ ነው» ብሎ የጠረጴዛውን ፊት በመዳፉ መታው። ጀልባ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ አንድ የሚያምኑት ነገር አላቸው፣ ሌላውን ሁሉ በእሱ ይለካሉ። እሱ ጠረጴዛውን ነው የሚያምነው። ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ ከጠረጴዛው ላይ ወደ ማሞቂያው አጋድሞ፣ እያየ፣ እያስተካከለ፣ በአዳዲስ ብሎን አሰረው።

እህቴን ይዣት የሄድኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ነጭ ሸሚዟን አውጥታ ለብሳለች፤ ልክ ትኬት ልትቆርጥ እንደምትሄድ። ብሎን ተላጭቶ፣ መሸጋገሪያው ላይ እጇን ይዞ አስገባት። ለኮሰው። ነበልባሉ መጀመሪያ ደህና ነበር፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ መርገብገብ ጀመረ። በአንድ ጎኑ ጥቁር ጭስ እየተትጎለጎለ ጣሪያው ላይ ጥላሸት አረፈ። ሽታው! እህቴ አፏን በሸሚዟ እጅጌ ይዛ ቁጭ ብላ ቆየች፣ ታግሣ ነው፣ እሱን ላለማሳፈር። ኋላ አልቻለችም። እየሳለች ወጥታ የወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ደሜ ፈላ። «ለዚህ ነው በሬውን ያባረርከው? ጥጃው ይብሳል!» ብዬ ጮህኩበት። እሱ ማሞቂያውን አጥፍቶ ቆሟል፤ እጁ ተንጠልጥሎ፣ ተላጭቶ የተገላለጠ ፊቱ እንደ ሕፃን ሆኖ። ሲያሳዝን! እንዲህ ሲያሳዝን ደግሞ ይብስ ነው የሚያናድደኝ።

እህቴ ትንፋሿ ሲመለስላት ሁለታችንንም ጠራችን።

«ስሙ» አለች። «አንተ ለጀልባህ ታደላለህ፣ እኔ ላንተ አደላለሁ። ሁለታችንም አንታመንም። ሚጣ ግን ያየችውን ነው የምትናገረው፣ አፏም ፍሬን የለውም። አስተካክለው። ስትጨርስ እሷ ትምጣና ከሰዓቱን እዚህ ትቀመጥ። ይሆናል ካለች እመለሳለሁ። አይሆንም ካለች ጀልባዋን ተዋት፣ የብስ ላይ ቤት እንፈልጋለን።»

ብሎን ጀልባዋን አየ፣ እሷን አየ። «እሺ» አለ። የብስ ላይ አድሮ የማያውቅ ሰው! ያቺን እሺ ሲላት አንድ ነገር ከሆዱ ሲነቀል ያየሁ መሰለኝ። እኔ ደግሞ በልቤ ምን አልኩ? ቤት እስኪፈልጉ እኔ ጋ ይሆናሉ፤ ከዚያም ቤቱ ይገኝ ቢባል አጠገቤ ይሆናል። ፍርዱ በእጄ ነው። ማንም እንዲህ ያለ ሥልጣን ሰጥቶኝ አያውቅም።

ብሎን ማሞቂያውን ፈታው፣ ገጠመው፣ ቧንቧውን አጠበው፣ ሳህኗን ወለወላት፣ ናፍጣውን አጠለለው። ለኮሰው። ጥቀርሻ። እንደገና ፈታው። ጥቀርሻ። በያጁ ዕቃው የተበላሸ ነው አለ፤ ብሎን ግን ዕቃ አያማም፣ ራሱን ነው የሚያማው። ሰውየው ከሳ። እህቴም ይሄን እየሰማች እንቅልፍ አጣች፣ በመጨረሻ አንድ ድስት ሾርባ ሠርታ አሸከመችኝ። «ምን እየበላ እንደሚያድር ማን ያውቃል፣ አብረሽው ብዪ፣ ብቻውን ከሆነ አይበላም» አለችኝ።

ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥን። ሾርባውን ቀዳሁ። የእኔ ሳህን በግራ በኩል እስከ አፉ ሞላ፣ በቀኝ በኩል ግን ታቹ ይታያል። ማንኪያዬን ሳስቀምጥ ተንሸራቶ ወደቀ። አነሣሁት። ደግሞ ወደቀ። በሩም ከኋላዬ ራሱን ከፍቶ ነፋስ አስገባብኝ።

«ይሄ ጠረጴዛ ምን ሆኗል?»

«ወንዙ ጎድሎ ነው» አለ ቀና ሳይል። «ሲጎድል እንዲህ ያደርጋታል።»

እኔ ደግሞ ርቦኛል፣ ቀሚሴ ላይ ሾርባ ፈሷል። «ወንዙ ሲጎድል ለአንድ ጎን ብቻ ነው እንዴ የሚጎድለው?» አልኩት። «አንተ ቤት ሾርባ የሚጠጣ ሰው አንገቱን አጣምሞ መምጣት አለበት? ድሮ እንዲህ አልነበረም! ያ ጥቁር በሬህ እዚያ ተጋድሞ ሳለ ቢያንስ ሾርባው ቀጥ ይል ነበር!»

ብሎን ማንኪያውን አፉ ጋ እንዳደረሰ ቀረ። ከዚያ ብርጭቆ ውሃ አንሥቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠና በሆዱ ተኝቶ ያየው ጀመር። ቆየ። በጣም ቆየ።

«ጋሼ? ኧረ አንተ ሰው፣ ምን ሆንክ?»

ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሊያለቅስ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ቀና ሲል እየሳቀ ነው፣ እንባው እስኪፈስ። «ወለሉ ልክ ነው!» አለ። «ጀልባዋ ተቃንታለች! እኔ ነኝ ያጣመምኩት!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ምድጃና ከሰሉ በቀኝ በኩል ስለነበሩ ጀልባዋ ከመጀመሪያው ጀምሮ ወደ ቀኝ ታዘነብል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በግራ በኩል ድንጋይ ጭኖ ጀልባዋን ያቃናል። ብሎን ግን ጠረጴዛው ዘመመ ሲባል የጠረጴዛውን እግር ይቆርጣል። አልጋው ዘመመ ሲባል ከሥሩ ጣውላ ይሸጉጣል። በሩን፣ መደርደሪያውን፣ ልብስ መስቀያውን ሳይቀር እንደዚያው፣ አንድ በአንድ፣ ዓመት በዓመት፣ ዕቃው ሁሉ በዘመመች ጀልባ ውስጥ ቀጥ እስኪል ድረስ። አሁን ምድጃው ሲወጣ ጀልባዋ ቀጥ አለች፣ ቤቱ በሙሉ ጠመመ። እሱም አዲሱን ማሞቂያ በዚያው በጠመመ ጠረጴዛ ለክቶ ተከለው! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ወንዙን ያማል እንጂ ጠረጴዛውን አይጠረጥርም፤ ሰው ያመነውን ነገር እንዴት ይጠረጥራል?

እሱ ሲስቅ እኔ ከንፈሬን ነክሼ ተቀምጫለሁ። ዝም ብዬ ሾርባዬን ብጠጣ ምን ነበረበት? ፍርዱ በእጄ፣ ድሉ በእጄ ሳለ፣ የገዛ ምላሴ ጉድ ሠራኝ።

በያጁ ሰምቶ መጣና፣ እሱም ከሳቀ በኋላ ቀላል መንገድ አመለከተው። «ምድጃው የነበረበት ጎን ድንጋይ ጫን። እንደ ድሮው ታዘነብላለች፣ ሁሉም በቦታው ይሆናል፣ ማሞቂያህም ይስተካከላል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል።»

ብሎን ራሱን ነቀነቀ። «አይሆንም» አለ። «ያቺን ሴት ዕድሜዋን ሙሉ በተጣመመ ቤት ውስጥ አኑሬያታለሁ። ጭሱም የኔ ነው፣ ጥመቱም የኔ ነው። አንድ ቀን አልወቀሰችኝም። አሁን ቀጥ ባለ ቤት ትተኛ።»

ይሄን ሲል አንጀቴን በላው። ዕቃ የያዝኩ መስዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ካቢኗ አናጢ ቤት ሆነች። የጠረጴዛውን የረዘሙ እግሮች ቆረጠ፣ ጠረጴዛው አጠረ፤ «ስታረጂ ትታጠፊያለሽ ብዬ ነው» አለኝ ስቀልድበት። የአልጋውን ሽጉጥ አወጣ። በሩን ነቅሎ እንደገና ሰቀለ። መደርደሪያውን ፈታ። በሚኖርበት ቤት ውስጥ አንድ ቀጥ ያለ ነገር ስላልነበረው፣ ልኩን ከወለሉ ነበር የሚወስደው፣ በብርጭቆ ውሃ። የየብስ ላይ አረማመዱ ሳይቀር ትንሽ ወደ ግራ ይዘም እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ፤ በዘመመ ወለል ላይ ሲኖር ያመጣው ነው። በመጨረሻ ማሞቂያውን አንሥቶ ቀጥ አድርጎ ተከለው። እህቴ ሁልጊዜ ማታ «ዛሬስ ምን ሠራ?» ትለኛለች፣ እኔም እያሽሟጠጥኩ እነግራታለሁ፣ እሷም ትስቃለች። መሳሏን አቁማለች። ስትስቅ ማየት ደስ ይለኛል፣ ደግሞም ሆዴ ይባባል።

ቀኑ ደረሰ። ብርድ የተባለ ሁሉ ተሰብስቦ የወጣበት ቀን ነበር፤ የወንዙ ዳር ጭቃ ደርቋል። ብሎን ማሞቂያውን ለኮሰና ካፖርቱን ለብሶ ወደ በሩ ሄደ።

«ወዴት ነው?»

«ውጭ እሆናለሁ። እኔ ካለሁ ትሸማቀቂያለሽ።»

«እኔ? መቼ ተሸማቅቄ ታውቃለህ?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለና ወጥቶ በሩን ዘጋው። በሩ ተዘግቶ ቀረ።

ብቻዬን ተቀመጥኩ። ነበልባሉ ሰማያዊ፣ ዝም ያለ፣ ጨዋ ነበር። አሸተትኩ። ምንም። ወንበር ላይ ወጥቼ ነጭ መሐረቤን ጣሪያው ላይ ፈተግኩት። ነጭ ሆኖ ተመለሰ። ማሞቂያው ጋ አጎንብሼ አሸተትኩ፣ አልጋው ሥር አሸተትኩ፤ ያየኝ ሰው ቢኖር አበደች ይል ነበር። ስህተት ፍለጋ እንዲህ የደከምኩበት ቀን የለም። ሻይ አፍልቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ሻዩ ቀጥ አለ። ሹራቤን አወለቅኩ። እስቲ አልጋውንስ ልየው ብዬ ጋደም አልኩ።

ብሎን መስኮቱን ሲያንኳኳ ነው የነቃሁት። ትንፋሹ በብርዱ እየጨሰ፣ አፍንጫው ቀልቶ፣ ውጭ ቆሞ።

«ስታንኮራፊ እዚህ ድረስ ተሰማ» አለኝ ስወጣ። ከዚያ ቀልዱን ተወና ዓይኔን አየኝ። «ምን ትያለሽ?»

«ለእሷ ነው የምናገረው።»

«እሺ» አለ። አልለመነኝም። ቢለምነኝ ይሻለኝ ነበር፤ ተጣልቼው እሄድ ነበር።

መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። አንዲት ቃል ትበቃለች፦ «ይሸታል»። ማን ያውቅብኛል? እሱ አይከራከረኝም፣ እሷ ታምነኛለች። ለጤናዋ ነው፣ የሐኪም ትእዛዝ ነው፣ የወንዝ ዳር ብርድ ለደረት አይሆንም… ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ለጤናዋ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። ማታ ማታ የሚጠራኝ ሰው እንዳይሄድብኝ ነው።

ስገባ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ አልነበረም። እህቴ የወደቀ ፀጉር እየጠረገች ነበር። መጥረጊያውን ይዛ ቀና አለች።

«እሺ?»

«መሸጋገሪያው ጣውላ ያንሸራትታል» አልኩ።

«እሺ።»

«መጋረጃው ያስጠላል። ጠረጴዛው አጥሯል፣ ጉልበት ይመታል።»

«ሌላስ?»

ካፖርቴን ቀስ ብዬ አወለቅኩ፣ ቀስ ብዬ ሰቀልኩ። ሌላ የሚወለቅ ነገር አልነበረኝም።

«ይሞቃል» አልኩ። «አይጨስም። አይሸትም። ጣሪያውን በመሐረብ ፈትጌዋለሁ። አልጋሽ ላይ ተኝቼ አንኮራፍቻለሁ፣ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።»

ሳቀች፣ ከልቧ፣ ሳትስል። ከዚያ መጥረጊያውን አስደግፋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሁለታችንም በመስታወቱ ውስጥ እንተያያለን።

«እኔ ራሴ ሄጄ ማየት ያቃተኝ መሰለሽ?» አለችኝ።

ከመስታወቱ ሥር ያለውን ማበጠሪያ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩ።

«ጭሱ ቢጠፋም ትቼሽ መሄድ አልቻልኩም ነበር፣ ሚጣ። ማታ ማታ ግድግዳውን እያየሽ እንደምትቀመጪ አላውቅም? ሂጂ የምትለኝ አንቺ ራስሽ ካልሆንሽ አልሄድም፣ ለሱም ቀደም ብዬ እንደዚያው ነው የነገርኩት። እሺ ብሏል።» በመስታወቱ ውስጥ ዓይኔን ያዘችው። «አሁንም ቢሆን ያንቺን አፍ ነው የምጠብቀው።»

ለካ ውጭ በብርድ የቆመው ሰውዬ የሚጠብቀው የማሞቂያውን ፍርድ አልነበረም፤ የእኔን «ሂጂ» ነበር። እሷንም አየኋት፤ የለበሰችው ነጭ ሸሚዟን ነው።

«ሂጂ እንጂ!» ብዬ ጮህኩባት፣ መጮህ ስለሚቀለኝ። «ሰውየው ወለል ለወለል እየተንከባለለ ቤቱን በሙሉ ቆርጦልሽ… ሂጂ! እዚህ ምን ታደርጊያለሽ፣ ፎጣዬን ስታጥፊ ጥጉን እንኳ አታገናኚው…» ያላገናኘችውን አንዱን ፎጣ አንሥቼ ፊቴን ጠረግኩና ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁላት።